በመኪና መሪ የተቃኘው መጋዝ

ሰው የመኪና መሪ የሚጨብጠው የሆነ ቦታ ለመሄድ ነው። እኔ የጨበጥኩት መሪ ግን አንድ ስንዝር እንኳ ወስዶኝ አያውቅም። ከእንጨት መቁረጫ ማሽን ጋር የተበየደ፣ ልባሱ የተላጠ የጭነት መኪና መሪ ነበር። በሕይወቴ ትልቁ ነገር የደረሰብኝ እሱን ይዤ ቆሜ ነው ስላችሁ ትስቁ ይሆናል። ሳቁ፤ መጨረሻውን ሳትሰሙ ግን አትሂዱብኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከተማችንን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። እኔና ባሌ ጳውሎስ ታቦር ተራራ ሥር እንኖር ነበር። ጳውሎስ የሚሠራው መናኸሪያው አጠገብ በነበረ የአናጢዎች ማኅበር ውስጥ፣ ባንድሶ ላይ ነው። ባንድሶ ለማታውቁ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሁለት ትልልቅ ጎማዎች አሉት፤ ጥርስ ያለው ረጅም ምላጭ እንደ ቀበቶ ሁለቱ ላይ ይጠመጠምና ይሽከረከራል። የወንበር እግር በሉት፣ የአልጋ ራስጌ፣ ጎበጥ ያለውን ሁሉ የሚቆርጠው እሱ ነው። ምላጩ በልኩ ካልተወጠረ ግን ጉድ ይፈላል። ከላላ ከጎማው ላይ ይወጣል፤ ከልክ በላይ ከጠበቀ ይበጠሳል፤ ሲበጠስ ጥይት የተተኮሰ ነው የሚመስለው።

ጳውሎስ ልኩን የሚያውቀው በጆሮው ነበር። ምላጩን በአውራ ጣቱ መታ ያደርግና ከንፈሩን ገጥሞ ያዜማል። የሚያዜመው ጸሎት ቤታችን ውስጥ የምንዘምረውን አንድ መዝሙር ነው። ምላጩ የመዝሙሩን መነሻ ድምፅ ሲሰጥ "በቃ፣ ተቃኘ" ይላል። ምሳ ይዤለት ስሄድ እሱ ምላጩን ይመታል፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ አዜማለሁ። ሁለታችንም መዘምራን ነበርን፤ የተዋወቅነውም እዚያው ነው። በኋላ ቀበሌ ጸሎት ቤቱን አሸገና መጋዘን አደረገው። መዘመር ማሳሰር ጀመረ፤ ሰው ሁሉ አፉን ዘጋ። የጳውሎስ ማሽን ብቻ በየጠዋቱ ያቺን መነሻ ድምፅ ትሰጥ ነበር፤ ማን ያውቅባታል?

ከዚያ ጳውሎስን ለሚሊሺያ ወሰዱት። "ወደ ሰሜን ዘምቷል" አሉኝ፤ ሌላ የነገረኝ የለም። ማኅበሩ ደግሞ "ከቤተሰቡ ሥራውን የሚሠራ ሰው ካለ ቦታው ይጠበቅለታል" አለ። ሰው ሲሉ ወንድ ማለታቸው ነበር። እኔ ግን ሻሼን አጥብቄ አስሬ ሄድኩና ማሽኑ አጠገብ ቆምኩ። ሳቁብኝ። ያልሳቁት የአናጢዎቹ አለቃ ጋሽ ወልዴ ብቻ ናቸው። ከመንዝ የመጡ፣ ቃል የማያበዙ ሽማግሌ ነበሩ።

"ተዉአት እስኪ። ከባሏ ጀርባ ቆማ ስታይ አይደል እንዴ የኖረችው?" አሉ።

መቁረጡንስ ቻልኩበት። ያቃተኝ ምላጭ መለወጥ ነው። የማሽኑ ማጥበቂያ ዳዶ ከራሴ በላይ ነው ያለው። የድሮ እጀታው ተሰብሮ ጠፍቷል፤ ዳዶው ዝጓል፤ ትልቅ ቁልፍ ገጥሞ በሁለት እጅ መጫን ይጠይቃል። እኔ ደግሞ እፍ ቢሉኝ የምወድቅ ትንሽ ሴት ነበርኩ። በርጩማ ላይ ወጥቼ ቁልፉ ላይ ስንጠለጠል እኔ እወዛወዛለሁ እንጂ ዳዶው ንቅንቅ አይልም። ምላጭ ደግሞ ይደነዝዛል፤ በየቀኑ አውጥቶ መሳልና በተሳለ መለወጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሰው መለመን ግድ ሆነብኝ። የምለምነውም ተስፋዬን ነበር።

ተስፋዬ መላጊያ ማሽኑ ላይ የሚሠራ ክንደ ብርቱ ጎረምሳ ነው። ዱሮ ጸሎት ቤታችን ውስጥ ከኋላው ረድፍ ቆሞ ይዘምር ነበር፤ ድምፁም ጥሩ ነበር። ቤቱ ሲታሸግ ግን እንደማያውቀን ሆነ። "ጓድ" ማለት አበዛ፤ ስብሰባ ላይ ከፊት መቀመጥ ጀመረ። እኔ ያን ነገር አንስቼበት አላውቅም፤ እሱም አንስቶብኝ አያውቅም። ከሠራተኞቹ ይህን የሚያውቅ አልነበረም።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ቀልድ ይመስል ነበር። "'ጌታዬ ተስፋዬ' በይኝና ላጥብቅልሽ" ይላል፤ ሰው ይስቃል፤ እኔም እያረርኩ እስቃለሁ። ቀጥሎ ዳዶውን ሲያጠብቅ ከኋላዬ እየተጠጋ አንገቴ ላይ መተንፈስ አመጣ። ዞር ስል ያኮርፋል። ሲያኮርፍ ቁልፉን ይዞ ይጠፋል፤ እኔ የደነዘዘ ምላጭ አቅፌ ግማሽ ቀን እቀመጣለሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ጳውሎስን እወቅሰው ነበር። እሱ ምን ያድርግ? ሌላ የምወቅሰው ሰው ስላጣሁ ነው።

በዚህ መሀል ትልቅ ትእዛዝ መጣ፤ የእንጨት ጠመንጃ። እውነተኛው ጠመንጃ ግንባር ነው፤ የሚሊሺያ ሰልጣኞች ግራ ቀኝ የሚሉት በእንጨት ነበር። ሰደፉ ጎባጣ ስለሆነ ሥራው ሁሉ እኔ ማሽን ላይ ወደቀ። ባሌን ለወሰዱበት ጦርነት ጠመንጃ በእጄ እቆርጥ ጀመር። ማኅበሩን እንዲመራ ከሌላ ክፍለ ሀገር የተመደበው ካድሬ፣ ጓድ በላቸው፣ መጥቶ ፊቴ ቆመ።

"ለሚመጣው ሳምንት እሑድ ሰልፍ ካልደረሰ ማሽኑን ለወንድ እሰጣለሁ። ቀልድ የለም" አለ።

ተስፋዬ አጠገባችን ቆሞ ይሰማ ነበር። ቅዳሜ ከሥራ ስንወጣ መንገድ ላይ ደረሰብኝ።

"ማክሰኞ ማታ ቤትሽ ብቅ እላለሁ" አለኝ።

"ለምን ጉዳይ?"

"ለጨዋታ ነዋ። በሩን ክፈቺልኝ። ካልከፈትሽ ረቡዕ ምላጭሽን ራስሽ አጥብቂ።"

ሥራዬን ካጣሁ ጳውሎስ ሲመለስ ቦታ የለውም፤ እኔም የምበላው የለኝም። ሥራዬን ላቆይ ካልኩ ደግሞ በሩን ልከፍት ነው። እንዴት እንደተንገበገብኩ ልነግራችሁ አልችልም። ቤቴ አልሄድኩም፤ ወደ ጋሽ ወልዴ ተመለስኩ።

"ጋሽ ወልዴ፣ ያን ዳዶ ራሴ የማዞረው አድርጌ ባበጀው ይፈቅዱልኛል?" አልኳቸው።

ፊቴን አዩኝ። ሁሉንም ሳይረዱት አልቀሩም፤ ስለ ተስፋዬ ግን አልጠየቁኝም።

"ፈቃድ ከጠየቅሽ ስብሰባ ይጠራል። ስብሰባ ከተጠራ ጠመንጃውም አይደርስ፣ አንቺም አትተርፊ። ነገ የበሩ ቁልፍ ዘበኛው ጋ ነው። እኔ ቅዳሴ ነኝ፤ አላየሁም፣ አልሰማሁም።"

እሑድ ጠዋት የጳውሎስን ታናሽ ወንድም ማቴዎስን ይዤ ገባሁ። ማቴዎስ መናኸሪያው ጀርባ ጋራዥ ውስጥ በያጅ ነው። ማሽኑን ዞሮ ዞሮ አየውና "ወንድሜ ይህን ሁሉ ዘመን ከዚህ ብረት ጋር ሲታገል ኖረ?" አለ። የዛገውን ቡሎን አወጣው። በምትኩ እስከ ደረቴ የሚወርድ ረጅም ጥርስ ያለው ዘንግ ከተተበት። ከላይኛው ጎማ ሥር ምላጩን እየገፋ የሚይዝ ጠንካራ ሞላ አስገባ። ለዘንጉ እጀታ ሲፈልግ ጋራዡ ግቢ ውስጥ የወደቀ የተገለበጠ ጭነት መኪና ትዝ አለው፤ ሄዶ መሪውን ነቅሎ መጣና በየደው። የማሽኑን መክደኛ በቡሎን መፍታት ቀርቶ በማጠፊያ እንደ ቁም ሣጥን በር እንዲከፈት አደረገው። ምላጩ ጎማው መሀል እንዲሄድ የሚያስተካክለውን ዳዶ ደግሞ በጣት የሚዞር ጆሮ አበጀለት።

"በይ ሞክሪው" አለኝ።

መሪውን በአንድ እጄ ወደ ቀኝ አዞርኩት። ምላጩ ሲወጠር አየሁት። ወደ ግራ መለስኩት፤ ላላ። እሰይ! እዚያው መሪውን አቅፌ አለቀስኩ። ማቴዎስ ደነገጠ፤ "ምነው፣ እጅሽን ነካሽ?" ይለኛል። አይ ማቴዎስ! ስለ ማክሰኞ አልነገርኩትም፤ ከተስፋዬ ጋር ደም ይፋሰሳሉ ብዬ ፈራሁ።

ሰኞ ጠዋት ምላጭ ለወጥኩ። ማንንም አልለመንኩም። ተስፋዬ ቁልፉን ትከሻው ላይ አድርጎ እየተንጎማለለ ሲመጣ ማሽኑ እየዞረ፣ እኔ ሰደፍ እየቆረጥኩ ነበር። መሪውን አየ። እኔን አየ። ቁልፉን ቀስ ብሎ አውርዶ ምንም ሳይናገር ሄደ። ደስታዬ እስከ ረፋዱ አልዘለቀም፤ ምላጩ ብው ብሎ ተበጠሰ። ምላጭ ይበጠሳል፤ ጳውሎስም እጅ ላይ ስንት ጊዜ ተበጥሷል። የዚያን ቀን ግን ሁሉም ከየማሽኑ ተነቅሎ ሲሮጥ ተስፋዬ ቀድሞ ቢሮ ደርሶ ነበር። ጓድ በላቸው ሁለት የቀበሌ ታጣቂዎች አስከትሎ መጣ።

"ይህን መሪ ማን አስገባው?" አለ።

"እኔ ነኝ።"

"በማን ፈቃድ?"

ጋሽ ወልዴ ከኋላ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። "በራሴ" አልኩ።

"የሕዝብ ንብረት ያለ ፈቃድ መነካካት ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ? አሻጥር ይባላል!"

ተስፋዬ ቀጠለ። "ጓድ በላቸው፣ ዱሮ ዳዶው ጠንካራ ስለነበር እንዳሻው አይጠብቅም ነበር። አሁን በአንድ እጅ ይዞራል፤ ዝም ብላ አዞረችው፣ ተበጠሰ። ነገ ሰው ይገድላል።"

ነገሩ ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ጓድ በላቸው ወደ እኔ ዞረ።

"ልኩን በምን ታውቂያለሽ?"

መልሱ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ መናገር አይቻልም። "በጆሮዬ" አልኩ።

"በጆሮሽ? በይ አሳዪን። ሌላ ምላጭ ግጠሚ። ከተበጠሰ ከነዚህ ጓዶች ጋር ትሄጃለሽ።"

ሠራተኛው ሁሉ ክብ ሠርቶ ቆመ። መክደኛውን ከፈትኩ፣ አዲሱን ምላጭ ጎማዎቹ ላይ አስገባሁ፣ መሪውን ጨበጥኩ። ትንሽ አዞርኩና ምላጩን መታሁት። ድም አለ። ይህ ነው ወይስ አይደለም? ድምፁን በልቤ ልፈልገው ሞከርኩ፤ የማገኘው ግን የራሴን ትርታ ብቻ ነው። እንደገና አዞርኩ፣ እንደገና መታሁ። አላወቅሁትም። ከንፈሬ ደርቋል፤ መሪው በላቤ እየተንሸራተተ ነው። "አየህ ጓድ፣ አታውቀውም" አለ ተስፋዬ።

ሳላዜም አልችልም። ላዜም ብል ደግሞ የጸሎት ቤቱን መዝሙር ካድሬ ፊት ላዜም ነው። ብላላው ምላጩ ይወጣል፣ ባጠብቀው ይበጠሳል፤ በዚህም በዚያም መሄዴ ነው። ጌታ ሆይ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጳውሎስ አጠገቤ የቆመ መሰለኝ። ከንፈሬን ገጥሜ ማዜም ጀመርኩ። መታሁት፤ ዝቅ ብሏል። ወደ ቀኝ ዞር አደረግኩ። እያዜምኩ መታሁት፤ ቀረበ። አሁንም ዞር። ገጠመ! ድምፄና የምላጩ ድምፅ አንድ ሆኑ። ከደስታዬ ብዛት ማቆም ረስቼ ማዜሜን ቀጠልኩ።

"መዝሙር ነው!" ብሎ ጮኸ ተስፋዬ። "ጓድ በላቸው፣ የጴንጤ መዝሙር ነው! ሁለተኛው መስመር ላይ ደርሳለች እኮ!"

ጓድ በላቸው ቀስ ብሎ ወደ እሱ ዞረ።

"ሁለተኛው መስመር መሆኑን አንተ በምን አወቅህ?"

ተስፋዬ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ፊቱ አመድ መሰለ። ጓድ በላቸው ትንሽ አየውና ወደ እኔ ተመለሰ።

"እውነት ነው? መዝሙር ነው?"

አይደለም ማለት እችል ነበር፤ ቃል የለውም፣ ዜማ ብቻ ነው። ግን ያ ዜማ የጳውሎስ ነው፤ ሌላ የቀረኝ የሱ ነገር አልነበረም። "ነው" አልኩ። "ባሌ ነው ያስተማረኝ። ባሌ ግንባር ነው።"

"ይህን ሰውዬስ ከጸሎት ቤቱ ታውቂዋለሽ?"

ተስፋዬን አየሁት። ዓይኑ ይለምነኛል። "አዎ፣ ከኋላው ረድፍ ይዘምር ነበር" ብል ማክሰኞ ማታ በሬን የሚያንኳኳ የለም፤ ከዚያ በኋላም የለም። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ደስ ሊለኝ ሁሉ ጀምሮ ነበር። ግን መጀመሪያ ጸሎት ቤቱ ሲታሸግ ስም እየጠሩ የወሰዷቸው ሰዎች ትዝ አሉኝ፤ ስማቸውን የሰጠው ሰው ማን እንደነበር እስካሁን አናውቅም። ያ ሰው መሆን አስጠላኝ።

"እኔ እሱን የማውቀው እዚህ ሥራ ላይ ነው" አልኩ።

ታጣቂዎቹ ወሰዱኝ። የት አስገቡኝ መሰላችሁ? ቀበሌው እስር ቤቱ ሞልቶበት ስለነበር መጋዘኑ ውስጥ ቆለፉብኝ። መጋዘኑ ደግሞ ጸሎት ቤታችን ነው። መዘምራን የምንቆምበት ቦታ ላይ የስኳር ጆንያ ተከምሯል። እሱ ላይ ተቀመጥኩ። ሰኞ እዚያው መሸ፤ ማክሰኞም እዚያው መሸ። በሬን የሚያንኳኳ ቢመጣም እኔ ቤት የለሁም። ይህን ሳስብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ቀጥዬ ደግሞ ለምርመራ ሌላ ቦታ የሚወስዱኝ መስሎኝ ፈራሁ። መዘመር አማረኝ፤ ድፍረቱን ግን አጣሁ።

ረቡዕ ጠዋት በሩ ሲከፈት የቆመው ጓድ በላቸው ራሱ ነበር። ያልተኛ ሰው ይመስላል።

"ነይ ውጪ" አለ። "ያ ተስፋዬ የተባለው ሁለት ምላጭ በጥሷል። የቀረን አንድ ነው፤ ሌላ እስኪመጣ ወር ይፈጃል። ጠመንጃው ለእሑድ ካልደረሰ የሚጠየቀው እኔ ነኝ።"

ሻሼን አጥብቄ አስሬ ተነሳሁ።

"ቃሉን እንዳታወጪ። ድምፁን ብቻ። ሰምተሻል? ድምፁን ብቻ!"

ማኅበሩ ግቢ ስደርስ ጋሽ ወልዴ "በስመ አብ" ብለው ሁለት እጄን ያዙኝ። የመጨረሻውን ምላጭ ገጠምኩ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ካድሬው እየሰማ፣ አዜምኩና ቃኘሁት። ጠመንጃው ደረሰ። ቦታዬም ለወንድ አልተሰጠም።

ያን ቀን ሊመሽ ሲል ተስፋዬ ወደ ማሽኔ መጣ። መጥረጊያ አነሳሁ፤ እውነቴን ነው፣ ልመታው ነበር። እሱ ግን ራቅ ብሎ ቆመ። ወለሉ ላይ የወደቁትን የተበጠሱ ምላጮች በእግሩ ገፋ አደረጋቸው።

"ልኩን አውቀው ነበር" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "መነሻውን ድምፅ እንዴት እረሳለሁ? ሁለቱንም ሆን ብዬ ከልኩ አሳልፌ ነው ያጠበቅኋቸው።"

"ለምን?"

"አንቺ አላውቀውም አልሽ። እኔም ልኩን አላውቅም አልኩ።"

ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም ይቅር ብዬሃለሁ አላልኩትም። ከዚያ በኋላ ግን በሬንም አላንኳኳ፣ አንገቴ አጠገብም አልደረሰ። ሳይቆይ እሱንም ለሚሊሺያ ወሰዱት። ግራ ቀኝ የተለማመደው እኔ በቆረጥኩት እንጨት ይሆን እያልኩ ስንት ቀን ተብሰለሰልኩ። አልተመለሰም። ጳውሎስም አልተመለሰም። የት እንደወደቀ የነገረኝ የለም፤ የተረዳሁት በዓመታት ዝምታ ነው።

እናንተ የምትሰሙኝ፣ ስለ ራሴ ስጠየቅ እውነቱን ተናገርኩ፤ ስለ ሰው ስጠየቅ ዋሸሁ። ሁለቱንም ያደረግሁት በአንድ ትንፋሽ ነው። አንዳንዱ "ውሸት ውሸት ነው" ይለኛል። ይሁን። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው በፍርሃት ክፉ ሲሆን ሳይ ቶሎ አልፈርድም፤ ዱሮ ምላሴ ስለት ነበር። መሪው ላይ የቆመችው ሴትና መጋዘን ውስጥ የተቀመጠችው ሴት አንድ አይደሉም፤ አሁን የማውቃት ከመጋዘኑ የወጣችውን ነው።

ደርግ ሲወድቅ ጸሎት ቤቱ ተመለሰልን። የስኳሩን ጆንያ አውጥተን ወለሉን አጠብን። በመጀመሪያው እሑድ አዲሶቹ መዘምራን ቆሙ፤ ልጆች ናቸው፣ እኛን አያውቁንም። ያን መዝሙር ጀመሩ። ሰው ሁሉ ያለቅሳል፤ እኔ ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ዝቅ አድርገው ነበር የጀመሩት። ጉልበቴ ላይ የነበረች ቀኝ እጄ፣ ሳላዛት፣ ቀስ ብላ ወደ ቀኝ ዞረች።